ውሃው ከሸሸ በኋላ፦ የደነገጠ ልብን ደረጃ በደረጃ ማረጋጋት

ጎርፍ ሲመጣ ወሬው ሁሉ ስለ ዱቄት፣ ስለ ብርድ ልብስና ስለ ሸራ ነው። ትክክልም ነው፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ልብን ግን ማንም አይመዘግበውም። «አይዞህ፣ ዋናው ነፍስህ መትረፏ ነው» ይባላል፣ ይታለፋል። ከሁለት ወር በኋላ ሰውየው በደረቅ ቤት፣ በደረቅ አልጋ ላይ ተኝቶ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየጮኸ ሲነሳ ቤተሰቡ ግራ ይገባዋል።

ይህ መመሪያ ለእሱና ለቤተሰቡ ነው። በጣና ሐይቅ ዳር፣ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከም፣ በደምቢያና በባሕር ዳር ዙሪያ ክረምት በመጣ ቁጥር ዓይናቸው ወንዝ ላይ ለሚያድር ሰዎች ነው። ተፈናቅለው ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ለገቡም፣ ዘመድ ለተቀበሉም ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህም ነገሩ ተደጋግሟል። ስለዚህ የምናወራው አንድ ጊዜ ስለሚመጣ ክፉ ቀን አይደለም። እዚያው ሜዳ ላይ መኖር ለሚቀጥል ሰው ነው የምጽፈው።

ደረጃዎቹ ቅደም ተከተል አላቸው። ልብ ግን ተራ ጠብቆ አይሄድም። አምስተኛው ላይ ደርሳችሁ ወደ ሁለተኛው ብትመለሱ ምንም ማለት አይደለም።

1. መጀመሪያ ሰውነት ይረፍ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ ስሜት ማውራት ቅንጦት ነው። የራበው፣ የበረደው፣ ልጁ የት እንዳደረ የማያውቅ ሰው አይረጋጋም። ስለዚህ፦

ቤተሰብ ይሰብሰብ። መጠለያው ትምህርት ቤትም ይሁን የቀበሌ አዳራሽ፣ የአንድ ቤት ሰው አንድ ጥግ ይያዝ። ልጆችን «ለጊዜው ነው» ብላችሁ በየዘመዱ አትበትኑ። ከእናት ከአባታቸው ጋር ሸራ ሥር ማደር፣ ያለ እነሱ አልጋ ላይ ከማደር ይሻላቸዋል።

የጠፋ ሰው ካለ ከቀበሌ፣ ከፖሊስና ከቀይ መስቀል ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ምረጡ። አሥሩም በየአቅጣጫው ሲደውል ወሬ ይበዛል፣ እውነቱ ይጠፋል። የጎርፉን ቪዲዮ ስልክ ላይ ደጋግሞ ማየትም ይቅር። ማታ ማታ ቲክቶክ ላይ የራሱን መንደር ሲሰምጥ እያየ የሚያመሽ ሰው በማግስቱ እንቅልፍ አጣሁ ቢል አይገርምም።

ውሃ አፍልታችሁ ወይም በውሃ አጋር መድኃኒት አክማችሁ ጠጡ። አጎበር ዘርጉ። ጣና ዳር ውሃው ሲሸሽ የሚተኛው ኩሬ ወባ ያመጣል። ትኩሳት ያለበት ሰው የሚቃዠው በወባ ይሁን በድንጋጤ ሳይመረመር አይታወቅም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ።

2. አላበዳችሁም

ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ብዙ ሰው በሆዱ የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚከተሉት ሁሉ ይጠበቃሉ። በር ሲንኳኳ መበርገግ። ተኝቶ መባነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ልብ መምታት፣ እጅ መንቀጥቀጥ። ምግብ አለመብላት። በትንሽ በትልቁ መቆጣት። ነገር መርሳት፤ ቁልፉን ይዞ ቁልፍ መፈለግ። ሆድ ሲብስ ውሎ ማልቀስ፣ ወይም ደግሞ እንባ ጭራሽ እምቢ ማለት።

ይህ ሁሉ ሰውነት አደጋው እንዳለፈ ገና አላመነም ማለት ነው። ዘብ ቆሟል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ያለ ሕክምና እየቀለለው ይሄዳል። ዘመድ፣ ሥራና እንቅልፍ እስካልጎደሉ ድረስ ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ የምንሮጠው ወደሚጮኸው ሰው ነው። ዝም ያለው ይረሳል። «አባባ ምንም አልሆኑም፣ ጠንካራ ናቸው» የሚባሉት ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጠው፣ የቀረበላቸውን ነክተው ብቻ የሚመልሱ ከሆነ፣ እሳቸውን ነው ማየት።

3. ጠያቂ ሲበዛ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ አገር ትልቁ መድኃኒትም ትልቁ ሸክምም እዚህ ስለሆነ ነው።

መጠየቅ ደግ ልማድ ነው። የተጎዳ ሰው ብቻውን አያድርም። ጎረቤት እንጀራ ይዞ፣ ዘመድ ስኳርና ቡና ይዞ ይመጣል። ይቀመጣል፣ ከንፈር ይመጥጣል። ከዚያ «እስኪ እንዴት ሆነ?» ይላል። ተጎጂዋ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ውሃው በስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ማንን አዘለ፣ ማን እጁ ላይ አመለጠ። ጠያቂው አልቅሶ ይወጣል። በሩ ላይ ሌላው ይገባል። «እስኪ እንዴት ሆነ?» እንደገና ከመጀመሪያው።

በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ጎርፉ ውስጥ ትገባለች ማለት ነው። የጠያቂው ልብ ይቀላል፣ የእሷ ይቆስላል። የአደጋ ተራፊን ወዲያው አስቀምጦ ሁሉንም ዝርዝር ማስወራት እንደማይጠቅም የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል። መናገር በፈቃድ፣ በመጠንና ለመረጡት ሰው ሲሆን ነው የሚጠቅመው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ፦

ከቤተሰቡ አንድ ተናጋሪ ይመረጥ። አጎት፣ ታላቅ ወንድም፣ ያልነበረበት ሰው ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ጠያቂ ሲመጣ የሆነውን የሚነግረው እሱ ነው።

አጭር መልስ አዘጋጁ። ለምሳሌ፦ «ውሃው ሌሊት መጣ። እኛ ተርፈናል፣ ከብቶቹ አልተረፉም። ሌላውን ሲቀለኝ አጫውታችኋለሁ።» በቃ። ይህን ብሎ ወሬ መቀየር ነውር አይደለም። ቅር የሚለው ካለም ቅር ይበለው።

ተጎጂው ራሱ ማውራት ሲፈልግ ግን አታቋርጡት። ሰዓት አትዩ፣ ስልክ አትንኩ። «እኛም በዚያ ጊዜ እኮ» ብላችሁ የራሳችሁን አትጀምሩ። ዝም ሲል ዝም በሉ። የጀመረውን ካልጨረሰውም አትጎትቱት።

አንዳንድ ንግግሮች ለማጽናናት ብለን የምንላቸው ናቸው፤ ሥራቸው ግን አፍ ማስያዝ ነው። «ተመስገን በል፣ የእነ እገሌ ቤት ጭራሽ አልቋል።» «ንብረት ይተካል።» «ወንድ ልጅ ያለቅሳል እንዴ?» እነዚህን የሰማ ሰው ሁለተኛ ችግሩን አይነግራችሁም። «እንኳን ተረፋችሁልን» በቂ ነው። ከዚያ ሥራ ያዙ። «የምትፈልጉት ነገር ካለ ንገሩን» ብላችሁ አትሂዱ፤ ማንም ደውሎ አይጠይቅም። ጭቃ የያዘውን ልብስ ወስዳችሁ አጥባችሁ መልሱ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሱ። ከእርዳታ ምዝገባው ወረፋ ላይ ለሽማግሌው ቁሙላቸው።

ባሕር ዳር ዘመድ ለተቀበላችሁ አንድ ምክር ልጨምር። ተፈናቃዩን እንግዳ አታድርጉት። የራሷን ቤት፣ የራሷን ምድጃ፣ ዶሮዎቿን ሳይቀር በቁጥር ታውቅ የነበረች ሴት፣ ወንድሟ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጣ «አንቺ አትነሺ፣ እረፊ» ስትባል ከረመች እንበል። በፍቅር ነው። እሷ ግን የማትረባ ሆና ነው የሚሰማት። ወጡን እሷ ትሥራው። ቡናውን እሷ ታፍላ። የበር ቁልፍም ይሰጣት፤ ወጥታ ስትገባ ማስፈቀድ የለባትም።

4. ሌሊት ሲመጣባችሁ

ቀን ሰው አለ፣ ሥራ አለ። ነገሩ የሚመጣው ሌሊት ነው። ውሃው ራሱ ሌሊት የገባበት ሰው ደግሞ ያችን ሰዓት እየጠበቀ ይነቃል። እንዲህ ስትሆኑ ተኝታችሁ ከሐሳብ ጋር አትታገሉ።

ተነስታችሁ ተቀመጡ። ሁለቱንም እግር መሬት አስረግጡ። መሬቱ ደረቅ ነው፤ በውስጥ እግራችሁ ይሰማችሁ። መብራት ወይም የስልክ ባትሪ አብሩ።

አሁን ትንፋሽ። በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ እስከ አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ። በአፍ ቀስ ብላችሁ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ አውጡ። ቁም ነገሩ የማውጫው መርዘም ነው፤ ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ይቀንሳል። አምስት ደቂቃ ያህል ቀጥሉ። የሚያዞራችሁ ከሆነ በኃይል እየሳባችሁ ነውና አለስልሱት።

ቀጥሎ ዓይናችሁ ያለበትን ቦታ ይወቅ። የምታዩትን አምስት ነገር በስሙ ጥሩ፦ በር፣ ጀሪካን፣ ጋቢ፣ ምድጃ፣ የልጁ ጫማ። የምትነኩትን አራት ነገር ንኩ። የምትሰሙትን ሦስት ድምፅ ለዩ፦ ውሻ፣ የሚያንኮራፋው ሰው፣ ሩቅ የሚያልፍ ባጃጅ። ከዚያ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነና የት እንዳላችሁ ለራሳችሁ ንገሩ፦ «ዛሬ ማክሰኞ ነው። ያለሁት ወረታ፣ እህቴ ቤት ነው። ያ አልፏል።» ስታነቡት የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ልቡ የሚመታ ሰው ግን አእምሮው እዚያች ሌሊት ላይ ነው ያለው። ወደ ዛሬ የሚመልሰው እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

ጸሎት ያላችሁ በጸሎት ያዙት። ዳዊት የሚደግመውም፣ ዚክር የሚያደርገውም ሳያውቀው ትንፋሹን እያዘገመ ነው።

ልምምዱን ቀን ላይ፣ ደህና በሆናችሁበት ሰዓት ሞክሩት። ሰው ዋና የሚማረው ሲሰምጥ አይደለም። እንቅልፍ ጭራሽ እምቢ ካለም ተነስታችሁ ቀላል ሥራ ያዙ፦ ምስር መልቀም፣ ልብስ ማጠፍ። ሲከብዳችሁ ተመለሱ። በማግስቱ ረጅም የቀን እንቅልፍ አትተኙ፤ ከሰዓት በኋላ ቡናውን ቀንሱ። (ሦስተኛውን ተዉ ማለት ለአንዳንዱ እንደ ስድብ ነው፤ አውቃለሁ። ለጥቂት ሳምንት ነው።)

5. ለቀኑ ቅርጽ ስጡት

መጠለያ ውስጥ ቀን ከቀን አይለይም። ሰው ወረፋ ይጠብቃል፣ ይቀመጣል፣ ያስባል። ድብርት የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ሦስት ቋሚ ነገር ይኑራችሁ፦ የመነሻ ሰዓት፣ አንድ የሚያልቅ ሥራ፣ ከሰው ጋር የምትቀመጡበት ጊዜ። የሚያልቅ ሥራ ስል ትንሽ ማለቴ ነው። መረብ መጠገን። የተሰበረ ወንበር በሚስማር መምታት። የጠፋ መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ መሄድ።

ዕድራችሁን፣ ማኅበራችሁን፣ ሰንበቴያችሁን መልሱ። የዕድሩ ድንኳንና ብረት ድስት በውሃ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ሰዉ ግን አለ። ሸራ ሥር ሰብሰብ ብሎ ስም መጥራት ብቻውን ብዙ ነው። ማን እንደመጣ፣ ማን እንዳልመጣ ይታወቃል፤ ያልመጣውን ሄዶ የሚያይ ይገኛል።

ገበሬ ደግሞ መሬቱን ይይ። ውሃው ሲሸሽ ሜዳው እርጥበት ይዞ ይቀራል፤ ያን እርጥበት ሽምብራም ጓያም ይወዱታል። ሩዙ የጠፋበት ሰው በጥቅምት ሽምብራ ሲዘራ፣ ከምርቱ በፊት የሚያገኘው ነገር አለ። ከፊቱ ያለ ቀን ያስባል። ዘር ለመጠየቅ የግብርና ባለሙያውን ዛሬ አነጋግሩ፤ «ልቤ ሲረጋጋ» አትበሉ። ልብ የሚረጋጋው እጅ ሥራ ሲይዝ ነው። ስለ ጓያ ግን አንድ ቃል፦ ሌላ እህል ስለጠፋ ብቻ ለወራት እሱኑ አትብሉ፤ እግር ያሽመደምዳል። ደምቢያና ፎገራ ይህን በደንብ ያውቁታል።

6. «ምነው እንዲህ ባደረግሁ»

ቤቱ የፈረሰበት ሰው ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ አንድ ገመድ ሲያስብ ታገኙታላችሁ። ጥጃዋ ታስራ ነበር። ገመዱን ሳይፈታው ወጣ። ጩኸቷን ሰምቷል። ጎረቤቱ ስለ ካሳ ሲያወራ እሱ ስለዚያች ቋጠሮ ያስባል። ለማንም አይናገርም፤ ሰው በሞተበት መንደር ስለ ጥጃ ማልቀስ ያሳፍረዋል።

«አታስብ» ማለት አይሠራም። ይልቅ ተቀምጣችሁ እነዚህን ጥያቄዎች በተራ መልሱ፤ የሚጽፍ ይጻፋቸው፦ በዚያች ደቂቃ የማውቀው ምን ነበር? ዛሬ የማውቀውን አይደለም፣ ያኔ የማውቀውን። እጄ ላይ ምን ነበር? ስንት ደቂቃ ነበረኝ? ማንን መረጥሁ? ልጅህን በአንድ እጅ፣ እናትህን በሌላው ይዘህ ከሆነ፣ ገመዱን የምትፈታው በየትኛው እጅህ ነው?

መልሱ ሐዘኑን አያጠፋውም። ጥፋተኝነቱን ከሐዘኑ ይለየዋል። ሐዘን እያደር ይቀላል፤ ጥፋተኝነት ዝም ከተባለ ሥር ይሰዳል።

«በኃጢአታችን የመጣ ነው» የሚል ድምፅም አይጠፋም። እኔ ይህን ለተጎዳ ሰው መናገር ጭካኔ ነው እላለሁ። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሳሉ። ጉና ላይ ዝናብ ሲበረታ፣ ወንዞቹም በደለል ሲሞሉ፣ ውሃው ሜዳው ላይ ይዘረጋል። ኃጥኡንም ጻድቁንም አይለይም። ነገሩ በእምነት በኩል የሚከብዳችሁ ከሆነ የምታምኗቸውን የንስሐ አባት ወይም ሼህ አነጋግሩ፤ መንገድ ላይ የሚፈርደውን አይደለም።

7. የተቋረጠ ለቅሶ ይመለስ

በጎርፍ ጊዜ ሬሳ በጥድፊያ ይቀበራል። ድንኳን የለም፣ ለቀስተኛው ራሱ ተፈናቅሏል። ሰልስቱ ሳይታሰብ ያልፋል። በወጉ ያልተለቀሰ ሐዘን ደግሞ ሌላ ቀን፣ ባልታሰበ ቦታ ይወጣል።

ውሃው ሲሸሽ ቀን ቁረጡና ለቅሶውን መልሱት። ለአርባው ቢሆንም ይሁን። በለቅሶ ላይ ፎቶ ይዞ ማልቀስ ያለ ነው፤ ፎቶው ከቤቱ ጋር ከሄደ የዘመድ ስልክ ውስጥ ፈልጉ፣ የሰርግና የጥምቀት ፎቶዎችን እዩ። አንዱን አሳጥባችሁ ለቤተሰቡ ስጡ። ከዱቄትም ከብርድ ልብስም የማያንስ ስጦታ ነው።

አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ቤተሰብ ከሁሉ ይከብደዋል። እናት በር ትጠብቃለች። «ሞቷል ብዬ ባለቅስ፣ ገድዬዋለሁ ማለት ነው» የምትል እናት አትቸኩሉባት። ግን ደግሞ ማንም ሳይደፍር ዓመት እንዳያልፍ። የቤተሰቡ ትልልቆች ከካህኑ ጋር፣ ሙስሊም ከሆኑም ከኢማሙ ጋር ተመካክረው፣ ጸሎት የሚደረግበትን ቀን ከእሷ ጋር ይወስኑ። ከእሷ ጋር እንጂ በእሷ ላይ አይደለም።

8. ልጆች

አልጋ ላይ መሽናት የተወው ልጅ ይጀምራል። እናቱን ሽንት ቤት ድረስ ይከተላል። ጎርፍ ጎርፍ ይጫወታል፤ ጭቃ ከምሮ፣ ውሃ አፍስሶ፣ ቤቱን ያፈርሳል። አትከልክሉት። እያስተካከለ ያለው ነገር አለ። ጨዋታው ሁልጊዜ በሞት የሚያልቅ ከሆነ አጠገቡ ተቀመጡና «እስኪ ታንኳ ይምጣ፣ ማንን እናስቀድም?» በሉት።

አትዋሹት። «ከእንግዲህ አይመጣም» ብትሉትና ቢመጣ፣ የጎርፉን ያህል የእናንተ ቃል ይሰብረዋል። «ከመጣ ወዴት እንደምንሄድ እናውቃለን» በሉት። «ካልተኛህ ውሃው ይወስድሃል» የሚለው ማስፈራሪያ ከቤቱ ይውጣ። ስለሸና አይገረፍ። ትምህርት ቤት ቶሎ ይመለስ፤ ደብተር ባይኖረውም።

9. መጠጥ፣ ጫትና ክኒን

አረቄ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ እኩሌታ ላይ ያባንናል። ጫት ቀኑን ያደምቅና ሌሊቱን ይወስዳል። ከጎረቤት የተገኘ የእንቅልፍ ክኒንማ ጭራሽ አይነካ፤ በቀላሉ ልማድ ይሆናል፤ ከአረቄ ጋር ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

10. ሐኪም ዘንድ መቼ?

ከአንድ ወር በኋላ ቅዠቱ፣ መበርገጉና የዚያች ሌሊት ምስል ካልቀነሱ ሂዱ። ሥራ መሥራት፣ ልጅ መንከባከብ ካቃታችሁ ወር አትጠብቁ። ሰው የሌለ ድምፅ ከሰማ፣ ምግብ ጨርሶ ከተወ፣ ወይም «ምን አለ በሞትኩ» ካለ በዚያው ቀን ይሂድ።

ይህን የመጨረሻውን ጠይቁ። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ማለት ሐሳቡን አይተክልም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ሰውየው እፎይ ይላል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። የአረምና የተባይ መድኃኒቱን ከቤት አውጡ፣ ቆልፉበት።

መነሻው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ጤና ጣቢያው ናቸው። ከዚያ በላይ ከሆነ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ በሰሜን በኩል ላላችሁም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ሕክምናው ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም። ባለሙያው ያን ታሪክ በጥንቃቄ፣ በጥቂት በጥቂቱ እያስነካ ፍርሃቱን የሚያበርድበት የንግግር ሕክምና አለ፤ ጥቂት ወራት ይወስዳል። መድኃኒት ከታዘዘ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጅበታል። በሦስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብላችሁ አትጣሉት፤ ሲሻላችሁም ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቁሙት።

ጠበል የሚሄድ ይሂድ። መድኃኒቱን ግን ይዞ ይሂድ። ሁለቱን የሚያጣላቸው ሰው እንጂ ራሳቸው አልተጣሉም።

11. ወደ ቤት፣ ወደ ውሃው

መጀመሪያ በቀን ሂዱ፤ ብቻችሁንም አይሁን። የጭቃ ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ ሲደርቅ ሊናድ ይችላል፤ እባብም ጥግ ይዞ ይሆናል። ዓላማው ማየት ብቻ ነው። አይታችሁ፣ ሳትደክሙ ተመለሱ። ማጽዳቱ በማግስቱ ይደርሳል።

ግድግዳው ላይ አንድ መስመር ታገኛላችሁ። ከላዩ ጥላሸት የያዘው የድሮ ግድግዳ፣ ከታቹ ግራጫ ደለል፣ በመካከል እንደ ክር ቀጥ ያለ፣ የሩዝ ገለባ የተጣበቀበት ምልክት። ውሃው የደረሰበት ነው። ብዙ ሰው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፤ ከልጁ ቁመት በላይ መሆኑን ዓይኑ ይለካል። በእኔ ግምት ከቤት ውስጥ ይጥፋ። ጭቃና ጭድ አቡክታችሁ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሆናችሁ ምረጉት፣ ከዚያ ለቅልቁት። ከመጥፋቱ በፊት ግን ከፍታውን ለክታችሁ ውጪ አንድ ዛፍ ወይም ምሰሶ ላይ ምልክት አድርጉ። ለሚቀጥለው ጊዜ ይጠቅማል።

ሐይቁን የፈራ ዓሣ አጥማጅ ታንኳ ላይ በግድ አይጫን። እንጀራው እዚያ ነውና ጨርሶ እንዲቀርም አይባልም። በበጋ፣ ውሃው በተኛበት ጠዋት፣ ከጓደኛ ጋር ዳር ላይ ተቀምጦ መረብ ይሥራ። ፍርሃቱ ሲመጣ ተነስቶ አይሂድ፤ ትንፋሹን እያዘገመ ይቆይ። ከፍ ይልና ይወርዳል። መውረዱን ካየ በኋላ ይሂድ። ሌላ ቀን እስከ ጉልበቱ ይግባ። ከዚያ ታንኳው ላይ ዳር ዳሩን፣ ከሰው ጋር። እያንዳንዱ ደረጃ እስኪሰለች ይደገም። ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር መሄድ ያስጠላው ተማሪም በዚሁ መንገድ ይመለሳል።

የቀጣዩ ክረምት ዝናብ ልብን እንደገና እንደሚነካ ከአሁኑ እወቁ። ሰኔ ላይ ቆርቆሮው መንኳኳት ሲጀምር «ድኜ ነበር፣ ተመለሰብኝ» አትበሉ። የሚጠበቅ ነው። ጆሮንም ማሠልጠን ይቻላል። ሜዳው ላይ የሚዘንበው ዝናብና ወንዙን የሚሞላው ዝናብ አንድ አይደለም፤ ወንዙ የሚሞላው ጉና ላይ ሲዘንብ ነው፣ እናንተ ጋ ፀሐይ ወጥቶም ቢሆን። ሐይቁ ደግሞ ከፍ የሚለው ዝናቡ እየቀነሰ ባለበት በመስከረም ነው። ስለዚህ በጣራው ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ ከመንቀጥቀጥ፣ ወደ ላይኛው አገር በደብረ ታቦር ወይም በአዲስ ዘመን በኩል ያለ ዘመድ ስልክ ይያዝ። እዚያ ሲበረታ ይደውልላችሁ።

የቀረውን በግንቦት ጨርሱት። የመሬት ደብተር፣ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተርና የጤና መድን ካርድ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ወደየትኛው ከፍታ እንደምትሄዱ ተስማሙ። አያትን ማን ይይዛል፣ ሕፃኑን ማን ያዝላል፣ በስም ይወሰን። ከብት በክረምት ሲታሰር ጫፉ ሲሳብ በሚፈታ ቋጠሮ ይሁን። አንድ ቀን ልጆቹን ይዛችሁ እስከ ከፍታው ድረስ በእግር ሄዳችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እዩ፤ ሌላ ቀን ደግሞ አመሻሹ ላይ ድገሙት። ማታ ማታ ስልክ ቻርጅ መኖሩን የሚያየውም ሰው ከአሁኑ ይለይ።